የኤሊዋ ክብደት ምን ይነግረናል? ምግብ፣ እድገትና የሰውነት ይዘት

ጅማ ውስጥ በግቢያቸው ኤሊ የሚያኖሩ ሰዎች ሲገናኙ ቶሎ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ታበሏታላችሁ?» የሚል ነው። መልሱ እንደ ቤቱ ይለያያል። አንዱ ከምሳ የተረፈ እንጀራና ሩዝ ይሰጣል፣ ሌላው ሙዝና ፓፓያ፣ ሌላው ደግሞ ጎመንና ቆስጣ ብቻ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወሩት ምክሮች ግራ መጋባቱን አባብሰውታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ አድጋለች የተባለች ኤሊ ፎቶግራፍ ሲወጣ ብዙዎች ያደንቃሉ። የጀርባዋ ቅርፊት ጉብ ጉብ ማለቱን ያስተዋሉት ግን «ፕሮቲን አብዝታችሁባት ነው» ብለው ባለቤቶቹን ይወቅሳሉ።

አድናቂዎቹም ወቃሾቹም የሚፈርዱት ከውጭ በሚታየው ነው። ምግብ ግን ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከቅርፊቱ ሥር ነው። አንዲት ኤሊ ሁለት ኪሎ መመዘኗ ብቻውን ደህና መሆኗንም መታመሟንም አይናገርም። ያ ሁለት ኪሎ ከጠንካራ አጥንትና ከጡንቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ከስብ፣ ከውሃና ከሳሳ አጥንት የተሠራም ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ሁለቱን አይለይም።

ክብደትና የሰውነት ይዘት

«የሰውነት ይዘት» ሲባል የአንድ እንስሳ ክብደት በስብ፣ በጡንቻ፣ በአጥንትና በውሃ መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ ማለት ነው። ጽንሰ ሐሳቡ ለጅማ እንግዳ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ከዴንማርኩ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረው ጥናት፣ በዚሁ ከተማ ሆስፒታል የተወለዱ ሕፃናት በተለየ መሣሪያ ውስጥ ለደቂቃዎች እየተኙ የሰውነታቸው ስብና ከስብ ውጭ ያለው አካላቸው ተለይቶ ተለክቷል። ተመራማሪዎቹ በሚዛን ብቻ ያልረኩት፣ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ሕፃናት በውስጣቸው እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ ነው። የስብ እድገትና የጡንቻ እድገት በኋለኛው ሕይወት ላይ የሚያደርሱት ተጽዕኖም አንድ አይደለም።

በኤሊ ላይ ይህ ነገር የበለጠ ይወሳሰባል። ቅርፊቷ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ከላይ የተሸከመችው ዕቃ ሳይሆን የገዛ አጥንቷ ነው። የጎድን አጥንቶቿና የአከርካሪዋ ክፍሎች ሰፍተውና ተጋጥመው ጣሪያ ሆነዋል። በላዩ ላይ የምናያቸው ሰሌዳዎች ደግሞ የእኛ ጥፍርና የከብት ቀንድ ከሚሠራበት ኬራቲን ከተባለው ፕሮቲን የተሠሩ ሽፋኖች ናቸው። ስለዚህ አጥንት ከክብደቷ ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ አጥንቱ ሲሳሳም ቅርጹ ለጊዜው ባለበት ስለሚቆይ ከውጭ ቶሎ አይታወቅም።

ውሃውም አለ። የየብስ ኤሊ በፊኛዋ ብዙ ውሃ ታከማቻለች። ጠጥታ ስትመዘንና ሽንቷን ከለቀቀች በኋላ ስትመዘን የሚታየው ልዩነት ቀላል አይደለም። እንቁላል የያዘች እንስትም እንዲሁ ትከብዳለች። ሌላው ሰውን የሚያሳስተው ሒሳቡ ነው። አንዲት ኤሊ ቅርጿ ሳይለወጥ ርዝመቷ ከ10 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ቢያድግ፣ ክብደቷ እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ «በዚህ ዓመት ክብደቷ ሦስት እጥፍ ሆነ» የሚለው ወሬ ርዝመቷ ካልተጠቀሰ ትርጉም የለውም።

መጀመሪያ፣ የትኛዋ ኤሊ?

በአማርኛ «ኤሊ» የምንለው ስም አኗኗራቸውም አመጋገባቸውም የተለያዩ እንስሳትን ያጠቃልላል፤ ከስሕተቶቹ ብዙዎቹ የሚመነጩትም ከዚህ ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የምትታወቀው የየብስ ኤሊ ቅርፊቷ በነብር ዥጉርጉር ቀለም ያጌጠችው፣ በሳይንስ ስሟ ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ የምትባለው ናት። የሣር ምድርና የቁጥቋጦ ቆላ እንስሳ ስትሆን የምትመገበው ሣር፣ የሜዳ ቅጠላ ቅጠልና የወደቀ ፍሬ ነው። በኩሬና በረግረግ የምትኖረው የውሃ ኤሊ በአንጻሩ ቀንድ አውጣ፣ ትል፣ የእንቁራሪት እጭ፣ ነፍሳትና የሞተ እንስሳ ሥጋ የምትበላ አዳኝ ናት። ለአንዷ የሚስማማው ምግብ ለሌላዋ በሽታ ነው።

አንዳንዶቹ ዝርያዎች ደግሞ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር አመጋገባቸውን ይቀይራሉ። ከአሜሪካ ተነሥታ በንግድ ዓለምን ያዳረሰችው ባለ ቀይ ጆሮ የውሃ ኤሊ በልጅነቷ ሥጋ በል ናት፤ እያደገች ስትሄድ የውሃ ተክል የገበታዋን ትልቅ ክፍል ይይዛል። ትንሽ ሰውነት ፈጣን እድገት ይፈልጋል፣ ለዚያም ፕሮቲን ይፈልጋል። ቅጠልን ፈጭቶ ለመጠቀም የሚያስችል ረጅምና ሰፊ አንጀት የሚገኘው ደግሞ ሰውነት ከተለቀ በኋላ ነው። ባለቤቱ በልጅነቷ የለመደችውን ሥጋ ካደገችም በኋላ ሲቀጥልባት፣ ለአጥንትና ለጡንቻ የማይፈለገው ትርፍ ወደ ስብ ይለወጣል።

አጥንቱ ከምን ይሠራል

ከሁሉ በላይ ልናተኩርበት የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ በቤት የሚያዙ ኤሊዎችን በብዛት የሚጎዳው የአጥንት ነገር ነውና። አጥንት የሚገነባው በዋነኛነት ከካልሲየምና ከፎስፈረስ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ወሳኙ ግን ሚዛናቸው ነው። ለየብስ ኤሊ በምግቧ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፎስፈረሱ ማነስ የለበትም፤ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ፎስፈረሱ ሲበልጥ ሰውነት በደም ውስጥ የሚያስፈልገውን ካልሲየም ለማግኘት ከራሱ አጥንት ይበደራል። የኤሊ አጥንት ደግሞ ቤቷ ጭምር ነው፤ ብድሩ የሚወሰደው ከጣሪያዋና ከግድግዳዋ ነው።

አሁን ከጓዳችን የሚወጣውን እንመልከት። በሙዝ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ አራት እጥፍ ገደማ ነው። በቀይ ሥጋ ውስጥ ልዩነቱ ከአሥር እጥፍ ያልፋል። ዳቦና ሩዝም ወደ ፎስፈረስ ያጋደሉ ናቸው። ጤፍ ከብዙዎቹ እህሎች የላቀ ካልሲየም እንዳለው እውነት ነው፤ ሆኖም የፎስፈረሱ መጠን ከዚያ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሆነ «እንጀራ ካልሲየም አለው» የሚለው ክርክር ለኤሊ አይሠራም። ቆስጣ በመልኩ ጥሩ ቅጠል ይመስላል፤ ነገር ግን ኦክሳሌት የተባለ ካልሲየምን አስሮ ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚያደርግ ንጥረ ነገር በብዛት ይዟል። ጎመን በካልሲየም በኩል የተሻለ ነው፤ የማያቋርጥ ብቸኛ ምግብ ከሆነ ግን የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊያውክ ይችላል። አንዴ ቆስጣ ቀምሳ የታመመች ኤሊ የለችም፤ ጉዳቱ የሚመጣው አንዱን ነገር ለወራት ያለ ለውጥ ከመስጠት ነው።

ካልሲየሙ ቢገኝ እንኳ ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል። ኤሊ ይህን ቫይታሚን የምትሠራው ቆዳዋ ላይ በሚያርፈው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። የመስኮት መስታወት ብርሃኑን እያስገባ ይህንን ጨረር ያስቀራል። ስለዚህ በመስኮት ሥር በካርቶን ወይም በመስታወት ሣጥን የተቀመጠች ኤሊ ፀሐይ የምትሞቅ ብትመስልም ለአጥንቷ የሚሆነውን አታገኝም። ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው ጅማ ከቤት ውጭ የምትውል ኤሊ በዚህ በኩል እድለኛ ናት፤ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ደጋ አካባቢ ጨረሩ ብርቱ ነው።

ሚዛኑ ሲዛባ ምን ይታያል? በጫጩቷ ላይ ቅርፊቱ በጣት ሲጫኑት እንደ ካርቶን ይሰረጉዳል። አጥንቱ ገና ጠንክሮ ባላለቀበት የመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ መለስለሱ ያለ ቢሆንም፣ ወራት ካለፉ በኋላ የሚቀጥል ልስላሴ ግን የበሽታ ምልክት ነው። ባደገችው ላይ የቅርፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ የወገቧ አካባቢ ይሰምጣል፣ መንቁሯ ተጣሞ ያድጋል፣ ስትሄድም ሆዷ መሬት ይጎትታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክብደቷ ሊጨምር ይችላል። በዱር ያሉት የየብስ ኤሊዎች የደረቀ አጥንት ሲያገኙ ሲቆረጥሙ መታየታቸውም ለዚህ ፍላጎት ምስክር ነው። በቤት ውስጥ ተቀቅሎና ተወቅጦ የላመ የእንቁላል ቅርፊት በቅጠሉ ላይ መነስነስ ይቻላል።

ጉብታው ከየት መጣ? የፕሮቲኑ ክርክር

የየብስ ኤሊን ጀርባ በቅርብ ያየ ሰው በእያንዳንዱ ሰሌዳ መካከል ሻካራ፣ ጠፍጣፋ፣ ትንሽ ቦታ ያገኛል። ከእንቁላል ስትወጣ የነበራት ሰሌዳ ያ ነው። እድገቷ የሚጨመረው በእርሱ ዙሪያ፣ ቀለበት በቀለበት፣ ከጠርዙ ነው። ቀለበቱን ቆጥሮ ዕድሜ ማወቅ ይቻላል የሚለው ወሬ ግን አያስተማምንም፤ ምግብና ውሃ በተለዋወጠ ቁጥር በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ቀለበት ሊጨመር ይችላል። ጀርባው ለስላሳ ሆኖ ሲያድግ አዲሱ ቀለበት ወደ ጎን ይሰፋል። አንዳንዴ ግን ወደ ታች እየተገፋ ይወፍርና መካከሉ እንደ ኮረብታ ብቅ ይላል። «ፒራሚዳዊ እድገት» የሚባለው ይኸው ነው።

ለረጅም ጊዜ የነበረው ማብራሪያ ፕሮቲን ሲበዛ ጉብታ ይመጣል የሚል ነበር። ምክንያታዊም ይመስላል፤ ጉብታ የሚታየው በብዛት በሚመገቡና በፍጥነት በሚያድጉ የቤት ኤሊዎች ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ጥናት ግን ይህን እምነት ክፉኛ አናግቶታል። ተመራማሪዎቹ በኢትዮጵያም የምትገኘውን ትልቋን ባለ ሹል ጭን የበረሃ ኤሊ መረጡ፤ 50 ጫጩቶችን ከፋፍለው ለአምስት ወራት የተለያየ የፕሮቲን መጠን ያለው ምግብና የተለያየ የአየር እርጥበት ሰጧቸው። በደረቅ አየር ያደጉት የሚበሉት ምንም ይሁን ምን ጉብታቸው ከፍ አለ፤ በእርጥብ አየር ያደጉት ለስላሳ ሆኑ። የፕሮቲን ድርሻ ትንሽ ነበር። ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ ደረቅ አየር ገና እየተሠራ ያለውን አዲስ ኬራቲን ቀድሞ ስለሚያደርቀው ወደ ጎን መስፋት ያቅተዋል የሚል ነው።

በዚህ ጥናት የተደሰቱ ሰዎች ወደ ሌላው ጽንፍ ሄደው «እንግዲያው ፕሮቲን አይጎዳም» ማለት ጀምረዋል። ይህ ከጥናቱ ውጭ የሆነ መደምደሚያ ነው። ጥናቱ የጠየቀው ስለ ቅርፊቱ ቅርጽ ነው፤ ስለ ኩላሊት አልጠየቀም። የየብስ ኤሊ ከፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን የምታስወግደው በአብዛኛው በዩሪክ አሲድ መልክ ነው፤ በሽንቷ ውስጥ የሚታየው ነጭ ሊጥ መሰል ነገር እርሱ ነው። ሣር በሊታዋ ኤሊ ሥጋ ወይም የውሻ ምግብ ተሰጥቷት ውሃ ካነሳት፣ ዩሪክ አሲዱ በኩላሊቷና በመገጣጠሚያዋ ውስጥ ጠጥሮ ይቀራል። በሰው ላይ ሪህ የምንለው በሽታ ማለት ነው። ስለዚህ ወቃሾቹ ምክንያቱን ተሳስተዋል፣ ስለ ፕሮቲን መስጋታቸው ግን ተገቢ ነው። የጅማ እርጥብ አየርም የዚህ ሁሉ መድኃኒት አይደለም፤ ጀርባዋን ለስላሳ ሊያደርገው ይችላል፣ ውስጧን ግን ምግቡ ይወስነዋል።

የተሸሸገው ስብ

ውሻ ሲወፍር ጎኑ ያሳብቃል። ኤሊ ግን የማይለጠጥ ሣጥን ውስጥ ናት፤ ስቡ በሣጥኑ ውስጥ ከሳንባ፣ ከጉበትና ከአንጀት ጋር ቦታ ይሻማል። ከውጭ ሊታይ የሚችለው በአንገትና በእግር መግቢያ ላይ የሚያብጠው ሥጋ ነው፤ እግሯን ወደ ውስጥ ስትሰበስብ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚወጣ ከሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ስቡ በጉበት ውስጥ ሲከማች ጉበቱ ሥራውን ያቆማል፤ ያኔ ምግብ ትተዋለች፤ ባለቤቱም «ምናልባት ምግቡን ሰልችታ ይሆናል» ብሎ የበለጠ ጣፋጭ ነገር ይሰጣታል።

ይህ የሚጀምረው በአንጀቷ ውስጥ ነው። ሣር ስትግጥ ቢያዩዋት ጥርስ የላትም፤ እንደ ቀንድ በጠነከረ መንቁሯ የሣሩን ጫፍ ነክሳ አንገቷን ወደ ኋላ በመሳብ ትበጥሰዋለች፣ ሳታኝክም ትውጠዋለች። የማኘኩን ሥራ የሚሠሩላት በትልቁ አንጀቷ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ለቀናት እያብላሉ የሣሩን አሰር ወደ ኃይል ይለውጣሉ። አሰር የምንለው በተክሎች ውስጥ ያለውን በቀላሉ የማይፈጭ ክፍል ነው። በሣር ምትክ ስኳርና ስታርች ሲገባ የተሕዋስያኑ ስብጥር ይዛባል፣ ጋዝና ተቅማጥ ይመጣል፣ ትርፉም ስብ ይሆናል።

የጅማ አየር ጠባይ እዚህ ላይ ይገባል። ኤሊ የራሷን ሙቀት አታመነጭም፤ ከፀሐይና ከመሬት ትወስዳለች። ምግብን የምትፈጭበት ፍጥነትም እንደ ሙቀቷ ይወሰናል። በውሃ ኤሊ ጫጩቶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ፕሮቲን የተሻለ እድገት የሚሰጠው ሙቀት አብሮት ሲኖር መሆኑን አሳይተዋል። ከቆላ የመጣች ኤሊ በጅማ ክረምት፣ ሰማዩ ለቀናት ሳይገለጥ ሲቀር፣ የምትበላው ሁሉ በሆዷ ውስጥ ይዘገያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊቶችም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ጊዜያት የምግብ ፍላጎቷ መቀነሱ ተፈጥሯዊ ነው። በሙዝና በዳቦ ማባበሉ ነው ጉዳት የሚያመጣው።

ፈጣን እድገት ሁልጊዜ ክፉ ነውን?

በዚህ ላይ የሚሰማው ተቃራኒ ሐሳብ ተገቢ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። በቻይና ለምግብ የሚረቡት ለስላሳ ቅርፊት ያላቸው የውሃ ኤሊዎች 40 በመቶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ባለው መኖ ያድጋሉ፤ ለአርቢው ፍጥነት ትርፍ ነው፣ እንስሳዋም በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። በየብስ ኤሊዎችም ቢሆን የወሲብ ብስለት የሚመጣው ከዕድሜ ይልቅ በመጠን ስለሆነ፣ በደንብ የሚመገቡት በዱር ካሉት ቀድመው ለመራባት ይደርሳሉ። ቁጥራቸው እየተመናመነ ያሉ ዝርያዎችን ለሚያራቡ ተቋማት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ክርክሩ ያለው በዓላማው ላይ ነው። ለሥጋ የምትረባ ኤሊ የምትፈለገው ለጥቂት ዓመታት ነው። የግቢ ኤሊ ግን ባለቤቷን ልትቀብር ትችላለች፤ ለአሥርተ ዓመታት የሚያገለግል ኩላሊት፣ ጉበትና አጥንት ያስፈልጋታል። አጥንቱን የሚመጥን ካልሲየምና ጨረር እስካለ ድረስ ከዱሩ የፈጠነ እድገት ራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ሥጋው ከአጥንቱ ሲቀድም ነው።

በጅማ ግቢ ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል

መልሱ ብዙ ወጪ የለውም። ለየብስ ኤሊ ከዕለት ምግቧ አብዛኛው ሣር መሆን አለበት፤ ጅማ ደግሞ ሣር አታጣም። ሰርዶ፣ ጎርጠብና ሌላም የሜዳ ቅጠል፣ ትንሽም ማገጥ፣ ፀረ ተባይ ካልተረጨበት ቦታ ሲገኝ ከማንኛውም የገበያ አትክልት ይበልጣል። ፍራፍሬ አልፎ አልፎ በትንሹ ይበቃል፤ በአካባቢው የተትረፈረፈው አቮካዶ ግን በስቡም ለብዙ እንስሳት መርዛማ የሆነ ንጥረ ነገር ስላለው መቅረት አለበት። የበለስ ቁልቋል ቅጠል በካልሲየም የበለጸገ ጥሩ ምግብ ነው። በአማርኛ ግን ወተት የሚያፈሰውን መርዛማ ዛፍም «ቁልቋል» ስለምንለው፣ «ቁልቋል ስጧት» የሚል ምክር ሳያጣሩ መፈጸም አደገኛ ነው። ለውሃ ኤሊ ከሆነ አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ መስጠት ቅርፊቷን ያለሰልሰዋል፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት አምጥቶም ዓይኗን ያሳብጣል። ትንንሽ ዓሣ ከነአጥንቱና ከነአንጀቱ፣ ቀንድ አውጣና የምድር ትል ይሻላል።

መለካቱም ቢሆን ከባድ አይደለም። በወር አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከመብላቷ በፊት፣ በወጥ ቤት ሚዛን ክብደቷን፣ በቀጥተኛ ማስመሪያ ርዝመቷን መዝግቦ መያዝ ነው። ለአውሮፓና ለሰሜን አፍሪካ ትንንሽ የየብስ ኤሊዎች የተዘጋጀ፣ የጃክሰን ቀመር የሚባል የክብደትና የርዝመት ማነጻጸሪያ በኢንተርኔት ይገኛል፤ የእኛዎቹ ኤሊዎች ቅርጽ የተለየ ስለሆነ በእነርሱ ላይ መጠቀም ያሳስታል። የሚጠቅመው የራሷ መዝገብ ነው፤ ርዝመቷ ቆሞ ክብደቷ ከጨመረ ስብ፣ ውሃ ወይም እንቁላል ነው፤ ርዝመቷ እየጨመረ ቅርፊቷ ከለሰለሰ አጥንቷ ወደ ኋላ ቀርቷል። ጥርጣሬ ሲኖር የአጥንቱን ጥግግት የሚያሳየው የራጅ ምርመራ ነው፤ ይህም የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው።

አንድ ነገር ግን ከምግቡ ይቀድማል። የየብስ ኤሊዎቻችን በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ሰንጠረዥ ውስጥ የተመዘገቡ ናቸው። በአገር ውስጥም በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት የተከለከለ ነው። በመንገድ ላይ የተገኘችን ጫጩት አዝኖ ወደ ቤት የሚወስድ ሰው፣ ከሣር ምድሯ አውጥቶ ወደ ዳቦና ሙዝ የሚያመጣት ራሱ መሆኑን ቢያውቅ፣ መኪና እንዳይጨፈልቃት ከአስፋልቱ አንሥቶ ትሄድበት በነበረው አቅጣጫ ማዶ ሣር ውስጥ ያስቀምጣታል።